የጨው መጋዘኑ አስታማሚ

በ፲፰፻፷፬ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ጥር፣ ነፋሱ የወንዙን ዳር አቧራ ወደ ከተማው ሲነዳ፣ የከተማው ሹም አዋጅ ነጋሪ በገበያው መካከል ቆሞ ነጋሪት አስጎሰመ። አዋጁ አጭር ነበር፤ ፈንጣጣ የያዘው ሁሉ ከወንዙ ማዶ ባለው አሮጌ የጨው መጋዘን ይግባ፤ ጤነኛ ሰው ደጃፉን አይርገጥ፤ ምግብና ውኃ በበሩ ላይ ይቀመጥ። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ እንጂ፤ ፈሪ ሹም ደግሞ አዋጅ ይወዳል።

አንዲት ልብስ ሰፊ በዚያ ሰዓት በመስኮቷ ሥር ተቀምጣ የአንድ ሻለቃ ካባ ገበር ትሰፋ ነበር። አዋጁን ሰማች፤ መርፌዋን ግን አላቆመችም። እርሷና ፈንጣጣ የተዋወቁት ገና በኮረዳነቷ ነው፤ በሽታው ነፍሷን ትቶላት መልኳን ይዞ ሄደ። እጮኛዋ የነበረው ኮርቻ ሠሪም ቃሉን አጥፎ ታናሽ እህቷን አገባ። ከዚያ ወዲህ እስከ ዓይኗ ሳትከናነብ ከደጅ ወጥታ አታውቅም፤ ከእህቷም ጋር ለቅሶ ካላገናኛቸው በቀር አይተያዩም ነበር። የሠፈሩ ሰው «ድፍኗ» ይላታል፤ ልብሱን ለማሰፋት ሲሆን ግን ከእርሷ ሌላ ሰው አያይም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ኮርቻ ሠሪው ራሱ ከደጃፏ ቆመ። ቆቡን በእጁ ይዞ መሬት መሬቱን ያያል።

«እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣለህ?»

«እህትዎን ትናንት ወሰዷት። ውኃ አልቀምስም ብላለች አሉ። እኔ እንዳልገባ ልጆቹ አሉብኝ። እርስዎን ግን... ዳግመኛ አይይዝዎትም ይላሉ።»

«አዎን፤ እኔን አንዴ በልቶኝ ጠግቧል።»

«መምጣት አይገባኝም ነበር።»

«አይገባህም ነበር» አለችና በሩን ዘጋችበት።

ዘጋችበት እንጂ መቀመጥ አልቻለችም። እህቷ ብትሞት እንደምታለቅስ ታውቃለች፤ ያናደዳትም ይኸው ነው። ተከናንባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሽማግሌው ቄስ፣ አገልጋዩ ሁሉ ሸሽቶባቸው፣ ግቢውን ራሳቸው ይጠርጉ ነበር።

«አባ፣ እግዚአብሔር ይህን ፊት ለዚህ ቀን ብሎ ሰጠሽ ሊሉኝ ከሆነ አልሰማዎትም።»

«አልልሽም፤ እኔ ምን አውቄ! ከመቼ ወዲህ ነው እርሱ እኔን ያማከረው?» አሉና መጥረጊያቸውን አስደግፈው በደረጃው ላይ ተቀመጡ። «አንድ ነገር ግን ዘመኔን ሁሉ ይገርመኛል። ጌታችን ሞትን ድል ነሥቶ ሲነሣ የችንካሩን ምልክት ማጥፋት አቅቶት ነበር? አላጠፋውም። ቶማስ የተጠራጠረ ጊዜ ያሳየው ያንኑ ነው። ልጄ፣ መወጋቱ መልካም ነበር አላልኩም፤ የወጉት በክፋት ነው። እርሱ ግን አልደበቀውም።»

በእርሳቸውም ተናዳ ወጣች፤ እግሯ ግን ወደ ወንዙ መራት።

መጋዘኑ ረጅምና ጨለምለም ያለ ነበር፤ ግድግዳው ከስንት ዘመን የጠጣው ጨው አየሩን ስለሞላው ከንፈር ያደርቃል። ውኃው በበሩ ሥር እንደ ሞላ ተቀምጧል፤ አንሥቶ የሚያጠጣ አልነበረም። ልብስ ሰፊዋ በማሰሮ ቀድታ ወደ መጀመሪያው በሽተኛ ጎንበስ ስትል ሰውየው ጮኸ።

«ገናዧ መጣች! ኧረ አልሞትኩም! ገና ነኝ!»

ጩኸቱ መጋዘኑን አዳረሰው። አንዱ ወደ ግድግዳው ዞረ፤ አንድ ሽማግሌ ጸሎተ ፍትሐቱን የሚጠብቅ ይመስል ዓይኑን ጨፍኖ እጁን አመሳቀለ። እስከዚያ ቀን ወደዚያ ቤት የሚገቡት፣ ስለ ሽታው ፊታቸውን ጠምጥመው፣ ሬሳ የሚያወጡት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከማዕዘኑም አንዲት ሴት በደከመ ድምፅ «እኔን አይደለም፤ እኔ ገና ነኝ» ስትል ሰማች። እህቷ ነበረች፤ የመጣችው ታላቋ መሆኗን አላወቀችም።

ልብስ ሰፊዋ ማሰሮውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ኀፍረቷን እስከዛሬ የራሷ ሸክም ብቻ አድርጋ ቆጥራው ነበር፤ ሰው ውኃ እንዳይጠጣ ይከለክላል ብላ አላሰበችም። ማሰሮውን አስቀምጣ ክንንቧን ፈታች፤ በሰው ሁሉ ፊት ፊቷን ገለጠች።

መጀመሪያ የጮኸው ሰው ትኩር ብሎ አያት።

«ወጥቶብሽ ነበር?»

«ካንተ የባሰ። ዓይኔ ሁሉ ተደፍኖ ነበር።»

«ድነሻል!»

«ይኸው ቆሜያለሁ፤ አታየኝም? ጠጣ!»

ጠጣ። ሽማግሌውም ሞቱን ለሌላ ቀን አቆይቶ እጁን ወደ ማሰሮው ዘረጋ።

እህቷ ዘንድ ስትደርስ ታናሺቱ ለረጅም ጊዜ ተመለከተቻት።

«እታለም... ፊቴ እንዳንቺ ሊሆን ነው?»

ጥያቄው ወጋት፤ ቢሆንም አልዋሸቻትም። «ይሆናል። እኔን ይኸው አየሽኝ፤ እበላለሁ፤ እሰፋለሁ፤ እቆጣለሁ። መልክ ሄዶም ሰው ይኖራል።»

«እጮኛሽን ወስጄብሽ...»

«ወስደሽብኛል፤ አልቅሼበታለሁም። ስትድኚ እንጣላለን። አሁን ጠጪ።»

ታናሺቱ እያለቀሰች ጠጣች። ልብስ ሰፊዋም የእህቷን ራስ በክንዷ እንደ ደገፈች፣ ጠባሳውን ስለ ሰጣት ሳይሆን ከነጠባሳዋ እዚያ ስላቆማት፣ ፈጣሪዋን አመሰገነች። በስንት ዘመኗ ከልቧ ስትጸልይ ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ነበር።

እስከ ክረምት መግቢያ ከዚያ ቤት አልወጣችም። ወሬው ሲዳረስ በሽታው ቀድሞ ያለፈባቸው ሌሎች ሴቶችም እየመጡ ተጨመሩ፤ ታናሺቱም ድና ከተነሣች በኋላ፣ ፊቷ እንደ እህቷ ጠባሳ ሞልቶት፣ ውኃ ስታመላልስ ከረመች። ብዙ ሰው ሞተ፤ ብዙም ዳነ።

ዓመታት አልፈው ሹሙ ሲሞቱ በአደባባይ ሐውልት ቆመላቸው፤ የዘመናቸውም ታሪክ በጸሐፊያቸው ተነበበ። ታሪኩ «ክቡርነታቸው በጥበባቸውና በአዋጃቸው ደዌውን ከከተማው አስወጡ» ይላል፤ ዝቅ ብሎም «በመጋዘኑ አንዳንድ መልከ ጥፉ ሴቶች ያገለግሉ ነበር» ይላል። ከዚህ በቀር ስለ እነርሱ የተጻፈ የለም። ታሪክ የሚጻፈው ከወንዙ ወዲህ በቆሙት ነው፤ ማዶ ተሻግረው ውኃ ያጠጡትን ግን ውኃውን የጠጡት ሰዎች ያስታውሷቸዋል፤ እነርሱም በተራቸው ያልፋሉ።

ከሕዝቡ መካከል ቆመው ይሰሙ ከነበሩት ሁለት አሮጊቶች ታናሺቱ የታላቋን ጎን በክርኗ ነካ አደረገች።

«እታለም፣ ሰማሽ? ተጽፈናል እኮ!»

«ዝም በይ» አለች ታላቂቱ፤ «ቆንጆዎቹ ይሰሙናል።»

ሁለቱም ሳቃቸውን መቆጣጠር አቃታቸው፤ ጸሐፊውም ንባቡን አቋርጦ በቁጣ አያቸው።