የእንግሊዙ የመጨረሻ ቃል

እንግሊዙ ነጋዴ ዊልኪን በገዛ ድንኳኑ ውስጥ ታንቆ ተገደለ። ዳኛው ባላምባራስ ዲንሳ ከየካ ተጠርተው እንጦጦ ሲወጡ የበቅሎ ጠፍር አንገቱ ላይ እንደ ተጠመጠመ አገኙት። ደጅ፣ ከጥዱ ሥር፣ በቅሎ ጠባቂው ሰቦቃ የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል። ያሳሰረው አስተርጓሚው ፀሐዬ ነው።

«ጠፍሩ የእሱ ነው። ሌላ ምን ምርመራ ያሻል?» አለ ፀሐዬ፣ ኩታውን እስከ ጣቶቹ ጫፍ ተከናንቦ። ኤደን ወደብ ከርሞ እንግሊዝኛ ከለቃቀመ ወዲህ ሰው የሚያነጋግረው አገጩን ቀና አድርጎ ነበር። ባላምባራስ እንዲህ ያለ አገጭ ብዙ አይተዋል፤ አንዱንም አላከበሩም።

«ከሟቹ ጋር መጨረሻ የነበረው ማን ነው?»

«ከገዳዩ በፊት እኔ ነኝ። ትናንት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስጠርቶ አመሰገነኝ። ‹ፕሊስ፣ ፀሐዬ› አለኝ፤ ‹ደስ አሰኘኸኝ› ማለት ነው። እኔ ስወጣ ይህ መሀይም ገባ።»

«እኔ ጅረት ወርጄ በቅሎ አጠጣ ነበር፣ ጌታዬ» አለ ሰቦቃ።

«አንተን ማን ጠየቀህ?» አለው ፀሐዬ።

«እኔ ልጠይቀው ነበር» አሉ ባላምባራስ፣ ዘወር ብለውም ሳያዩት።

ቀጥለው የሟቹን ወጥ ቤት አስያን ለብቻዋ ወሰዷት።

«ትናንት ማታ ፕሊስ ሲል ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ። ደጋገመውና ዝም አለ።»

«ሌላ ጊዜስ ይለዋል?»

«ሁልጊዜ ነዋ። ውሃ ሲያሰኘው፣ ማር ሲያሰኘው ይለዋል። ፀሐዬ ‹ቶሎ አምጪ፣ አንቺ ደንቆሮ› ብሎ ይተረጉምልኛል።»

«ከሰጠሽው በኋላስ?»

«ያኔ የሚለው ሌላ ቃል ነው።»

«ከፀሐዬ ጋር ተጣልተው ነበር?»

«እንጃ፣ ጌታዬ። ብቻ ከአንኮበር ሌላ አስተርጓሚ ይመጣል ከተባለ ወዲህ ፀሐዬ እህል አልቀመሰም።»

ባላምባራስ ሁሉንም ከጥዱ ሥር ሰበሰቡ።

«ፀሐዬ፣ ሟቹ ያን ቃል የሚለው ነገር ሲፈልግ ነው፤ ከተቀበለ በኋላ አይለውም። ታዲያ ምስጋና የሚሆነው እንዴት ነው?»

ፀሐዬ ፈገግ አለ። «ቋንቋው ረቂቅ ነው፣ ባላምባራስ። የቃሉ ሥር ደስታ ነው። ጥንት ‹ደስ ካለህ› ይሉ ነበር፤ እያጠረ እያጠረ ይህ አንዱ ቃል ቀረ።»

«ደስ ካለህ ምን?»

«ደስ ካለህ...» አለና አመነታ፤ «አድርግልኝ።»

«እንግዲያ በእኛ አፍ እባክህ ነው። ሥሩ ደስታ ይሁን፤ ሥራው ልመና ነው። ሰውዬው ስምህን እየጠራ እባክህ አለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። ነፍሱን ነው የለመነህ። አዲሱ አስተርጓሚ ስትዋሽ መኖርህን እንዳያወጣብህ ፈርተህ፣ እሱ ሳይደርስ ጌታህን አነቅኸው። ጠፍሩን ከሰቦቃ ኮርቻ የፈታኸው፣ ከአንተ በታች ያለ ሰው የአንተን ጥፋት ሊሸከም የተፈጠረ ስለሚመስልህ ነው። ኩታህን ግለጥ።»

ፀሐዬ አልገለጠም። ከባላምባራስ ጋር የመጣው ወታደር ገፎ ጣለው። ክንዶቹ በጥፍር ተቦጫጭረው ነበር።

ሰቦቃ ሲፈታ አስያ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እንግዲህ ጌታዬ፣ ለእኔም እባክሽ ነበር የሚለኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ውሃውን ወርውሬለት ነበር የምሄደው» አለች። ከዚያ ውሃ ቀዳችና፣ ፀሐዬን ቀና ብላ ሳታየው አልፋ፣ የሟቹን ፊት ልታጥብ ወደ ድንኳኑ ገባች።