የደፈረሰው ብልቃጥ

መነጽር ሠሪው ከሱቁ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ሞቶ ተገኘ። ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመም የጸናበት፣ ዕድሜውን ሁሉ በየቀኑ ራሱን በመርፌ ሲወጋ የኖረ ሰው ነበር። መርማሪው ሲደርስ ፖሊሶች የሟቹን የሥራ ሸሪክ እጁን በካቴና አስረው ከደረጃው ሥር አቁመውታል፤ ኢንሱሊኑን ገዝቶ ያመጣው እርሱ ነበርና ወኅኒ መውረዱ የማይቀር መስሏል።

መርማሪው ክፍሉን በዝግታ ቃኘ። አንድ ወንበር፣ አንድ ሳህን፣ አንድ ማንኪያ፤ እንግዳ የሚቀመጥበት ነገር አልነበረም። በአልጋው ግርጌ ባዶ የውሃ ጠርሙሶች፣ በራስጌው ያገለገሉ መርፌዎች ተከምረዋል።

«ታምሞ እያየህ ዝም አልክ?» ሲል ወደ ሱቁ ወርዶ ሸሪኩን ጠየቀው።

«ጉንፋን ነው፣ ተወኝ አለኝ። እሱን ደግሞ ማን ደፍሮ ያስታምመዋል ጌታዬ? አይዞህ ሲሉት እንኳ ይቆጣል! ዓይኑ ደክሞ ረቂቁን ሥራ እኔ ስሠራለት እንኳ ለሰው እንዳትናገር ይለኝ ነበር።»

«መድኃኒቱስ?»

«ሁለት ብልቃጥ ነው የገዛሁት። አንዱን ፎቅ ላይ ባለው የጋራ ኩሽና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባው፤ ሌላውን ለክፉ ቀን ብሎ እዚህ ሱቅ አኖረው። የኩሽናው ቁልፍ እኔ ጋ የለም።»

ቁልፍ የነበራቸው ሟቹ፣ አከራይዋና ከፊት ለፊቱ ክፍል የሚኖሩት ታላቅ እኅቱ ብቻ ነበሩ።

«ሽንኩርቴን ከመድኃኒቱ አጠገብ ባኖር፣ ‹ሕይወቴን ወጥ ሊያደርጉት ነው?› ብሎ አሳቀኝ» አለች አከራይዋ ዕንባዋን እየጠረገች። «ከዚያ ወዲህ የራሴን ማቀዝቀዣ ገዛሁ። ምስኪን! ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሊሄድ ነበር። እኅቱ እትዬ ይህን የሰሙ ዕለት እህል አልቀመሱም።»

እኅትየው ግን ቀጥ ብለው ተቀምጠው ጠበቁት።

«ወንድሜን በልጅነቱ መርፌ የወጋሁት እኔ ነኝ፤ እናታችን ትፈራ ነበር። በመርፌ የሚሳሳት ሰው አይደለም። ያ ዝርክርክ ሸሪኩ ውርጭ የመታው መድኃኒት አምጥቶለት ነው!»

መርማሪው አመስግኖ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰባቸው።

«ፖሊሶች ከኢንሱሊን ብዛት ስኳሩ ወርዶ ነው የሞተው ብለዋል» ሲል ጀመረ። «የወረደበት ሰው ጣፋጭ ይፈልጋል። ይህ ሰው ግን ውሃ በላይ በላዩ ሲጠጣ፣ ደጋግሞም ሲወጋ ነበር። ስኳሩ እጅግ ወጥቶ፣ መርፌው አልሠራለትም።»

ሁለት ብልቃጦች ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ይህ ከሱቁ የተገኘው ነው፤ ኩልል ያለ ነው። ይህ ደግሞ ከማቀዝቀዣው በር መደርደሪያ የወጣው ነው፤ በነጫጭ ቅንጣቶች ደፍርሷል። የሟቹ ዓይን ይህን መለየት አልቻለም። ሁለቱ አብረው ተገዝተዋልና ሸሪኩ ያመጣው ደኅና ነበር። ያማከርኩት ሐኪም እንዳረጋገጠልኝ ይህኛው በረዶ ሆኖ ቀልጧል። በስሕተት የበረዶው ክፍል ገብቶ ቢሆን እዚያው በተገኘ ነበር። የከተተው እጅ መልሶ አውጥቶታል።»

«እኔን እንዳያዩኝ!» አለች አከራይዋ።

«እርስዎን አላይም። እኔ ስለ ውርጭ ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ለመድኃኒት የሚፈራው ሙቀትን ነው። እትዬ ግን ብልቃጡን ሳያዩ ውርጭ አሉ።»

እኅትየው እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ።

«እንዲሞት አይደለም» አሉ። «ትንሽ አሞት እንዲጠራኝ ነው። ልጅ ሳለ ሲደክመው ግድግዳውን ያንኳኳልኝ ነበር። በሬን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሲያቃስት ሰማሁት፤ አሁን ይጠራኛል፣ አሁን ይጠራኛል እያልኩ...»

«አልጠራዎትም።»

«አልጠራኝም።»

ፖሊሱ የሸሪኩን ካቴና ፈታ። ሸሪኩ ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም።

«እትዬ» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሊሄድ የተነሣው እርስዎን ጠልቶ አልነበረም። ‹ዕድሜዋን በላሁባት፤ እኔ ከሄድኩ እሷም ትንሽ ታርፋለች› ይለኝ ነበር።»

እኅትየው ቀና ብለው አዩት።

«ለአንተ ነገረህ?» አሉ።