ሰባተኛው ጥያቄ

«‹የለም› ብለሽ ጻፊ» አለች እናቷ፣ ከሳህን ማጠቢያው ዘወር ሳትል።

ቴምብር ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አላሳረፈችውም። ሰባተኛው ጥያቄ ከሌሎቹ ይረዝማል፦ «ባለፉት አሥራ ሁለት ወራት በእጅዎ፣ በአንገትዎ ወይም በወገብዎ ላይ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም መዛል ተሰምቶዎታል? ከተሰማዎት፣ ከመቼ ጀምሮ?» የመጀመሪያዎቹን ስድስት ጥያቄዎች እናትና ልጅ እየተቀላለዱ ነበር የሞሏቸው። ሲጋራ ያጨሳሉ? «የአለቃዬን ጭስ ካልቆጠሩብኝ፣ አላጨስም።» በቂ እንቅልፍ ያገኛሉ? «አንቺ ታሪክ ጮክ ብለሽ ካላጠናሽ።» ሰባት ላይ ሲደርሱ ግን ሳቁ ተቆረጠ።

«ምንም የለም?»

«ምን ይኖራል? ጻፊውና ፈርሜ ልገላገል።»

ጻፈችው። እናቷ እጇን በፎጣ አድርቃ መጣችና ከታች ፈረመች። ፊርማዋ መሐል ላይ ተንጋደደ፤ የመጨረሻው ጭረት ከመስመሩ ወርዶ ቀረ። ቴምብር አየችው። እናቷም ልጅቷ ማየቷን አየች።

«ቴምብር» የትምህርት ቤት ስሟ አይደለም። እናቷ በፖስታ ቤት ደብዳቤ ለይታ ነው ያሳደገቻት። ሕፃን ሳለች መዋያ ሲጠፋ ይዛት ትሄድ ነበር። የመለያ አዳራሹ ሠራተኞች ታዲያ ከእናቷ ቀሚስ አልላቀቅ ብትላቸው «ይቺስ ቴምብር ናት» አሉ፤ ስሙም በዚያው ቀረ። አሁን አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ማንም ላይ አትለጠፍም፤ ስሙ ግን አልላቀቅ ብሏታል።

ቅጹን ያመጣው የፖስታ ሠራተኞች ማኅበር ነው። ማኅበሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአሠሪው ጋር ተከራክሮ ለሠራተኛው ሁሉ የጤና መድን አስፈቅዷል። አማራጩ ሁለት ነው። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ግን አንድ ክሊኒክ ብቻ ነው የሚያሳክመው፤ ጉንፋን፣ ቁስል፣ የደም ግፊት፣ ከዚያ አያልፍም። ሁለተኛው ትልቁ ሆስፒታል ድረስ ይወስዳል፤ የነርቭ ሐኪምም፣ ቀዶ ሕክምናም አለበት። ከቅጹ ጋር ቀጭን መጽሔት ታድሏል፤ ውስጡ ስለ ጤና አጠባበቅ ምክር አለ። አንዱ ገጽ ላይ ፈገግ ያለች ሴት መዳፏን ግድግዳ ላይ ዘርግታ ጣቶቿን ታፍታታለች። ከሥሯ «በየሰዓቱ አምስት ደቂቃ ይረፉ» ይላል።

እናቷ ይህን ስታነብ «የጻፈው ሰው የደብዳቤ ከረጢት በፎቶም አላየ» ብላ ነበር።

ቴምብር መጽሔቱን እስከ መጨረሻው አንብባዋለች። ካለፈው ወር ወዲህ ሦስት ብርጭቆ ተሰብሯል፤ ሁሌም ጥፋቱ የሳሙናው ነው። ጠዋት ጠዋት የእናቷን የደንብ ልብስ የላይኛውን ቁልፍ የምትቆልፈው እሷ ናት፤ «ቸኩያለሁ፣ አንድ ጊዜ» ትላታለች እናቷ፣ ሳትቸኩልም። ይህን ቅጽ ራሱ ያስሞላቻት «ያንቺ ጽሕፈት ያምራል» ብላ ነው። ያምራል እንዴ? የአማርኛ መምህሩ እንኳ «የዶሮ ጭረት» ነው የሚለው። ቴምብር ነቄ ካለች ቆይታለች።

«እማ፣ እዚህ ጋ አንድ ነገር ይላል» አለች መጽሔቱን እያሳየች። «‹ሲመዘገቡ ያልገለጹት ሕመም በኋላ ቢታወቅ፣ የሕክምናው ወጪ አይሸፈንም።›»

እናቷ ቁጭ አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ቤቱ ውስጥ ከሁለቱ ሌላ ማንም አልነበረም።

«ሚዛንን ታውቂው የለ? አምና መድኑን በጥቅል ክፍል ብቻ ሲሞክሩት፣ የዋህ ሆኖ ‹ወገቤን ያመኛል› ብሎ ጻፈ። ወር ሳይሞላ ከሚዛኑ አንስተው በር ጠባቂ አደረጉት። ይኼ ወረቀት ‹ለሐኪም ነው› የሚባለው ለእኔና ለአንቺ ሲነገር ብቻ ነው። መጀመሪያ የሚያነበው ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ነገ ከትምህርት ቤት ስትወጪ ለሰው ኃይል ቢሮ ስጪልኝ፤ እኔ በዚያ ሰዓት ከደብዳቤ መለያው መስመር ንቅንቅ ማለት አልችልም። ከነገ ወዲያ ይዘጋል።»

በማግስቱ ቴምብር የሰው ኃይል ቢሮውን በር ስታንኳኳ ጸሐፊው ሻይ እያማሰለ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ክዳን የሌለው የጫማ ካርቶን አለ፤ ቅጾቹ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ተደርድረውበታል። ጸሐፊው ከላይ ያለውን አንዱን አንስቶ አነበበ፤ ከዚያ ደብተሩን ሳብ አድርጎ አንድ ስም ጻፈ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

ነገረችው።

«አሃ፣ የመለያዋ። አምጪው።»

ቅጹን አላቀበለችውም። «መጽሔቱ ላይ ‹በታሸገ ፖስታ ይመለስ› ይላል።»

«ፖስታ አልቋል።»

«ፖስታ ቤት ውስጥ?»

ጸሐፊው ማማሰሉን ተወ። ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን አልሳቀም። «ቀልደኛ ነሽ። እናትሽም እንዲህ ናት። አምጪው እንጂ፣ ምን የሚደበቅ ነገር አለው?»

«እናቴ አንድ ቦታ መፈረም ረስታለች» አለች ቴምብር። ውሸቱ እንዴት እንደወጣላት ራሷም አላወቀችም። «አስፈርሜ አመጣዋለሁ።»

ከቢሮው ስትወጣ ዓይኑ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ታወቃት። እናቷ እውነቷን ነበር ማለት ነው። እንግዲያው «የለም» መባሉም ልክ ነው? ደረጃውን ስትወርድ ይህን ታወጣና ታወርድ ነበር። እታች፣ ዋናው በር አጠገብ፣ ጋሼ ሚዛን ወንበሩ ላይ ትራስ ደርቦ ተቀምጧል። ድሮ ጥቅል በእጁ ብቻ አንስቶ ክብደቱን ይናገር ነበር፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ቴምብር አልፋው ሦስት እርምጃ ሄደችና ተመለሰች።

«ጋሼ ሚዛን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ፣ ልጄ።»

«ወገቤን ያመኛል ብለው ስለጻፉ ነው ከጥቅል ክፍል ያነሱዎት?»

ግራና ቀኙን ቃኘ። «ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ማን ነገረሽ ታዲያ?»

«ሰው ሁሉ ይላል።»

«ሰው ሁሉ» አለ ሚዛን፣ ቃሉን እንደ ጥቅል በእጁ እንደሚመዝን። አንዲት ሴትዮ በሩን አልፋ እስክትሄድ ጠበቀ። «እኔ ‹የለም› ብዬ ነው የጻፍኩት።»

ቴምብር የሰማችውን ማመን አቃታት።

«አዎ። ወገቤ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ይቆራርጠኝ ነበር። ፈራሁ፤ ‹የለም› አልኩ። ከዚያ አንድ ቀን ጥቅል ይዤ ደረጃው ላይ ቀረሁ፤ ተሸክመው አወረዱኝ። ሐኪሙ ራጅ አንስቶ ‹ይህ የቆየ ነው› አለ። መድኑ ደግሞ ‹የቆየ ከሆነ ለምን አልነገርከንም?› ብሎ በሩን ዘጋብኝ። ይኸው፣ ጥቅል ማንሳት አቅቶኝ እዚህ በር ላይ በትራስ እታከማለሁ።»

«ታዲያ ሰው ‹ጻፈና ተቀጣ› ሲል ለምን ዝም ይላሉ?»

ሚዛን መሬት መሬት አየ። «‹ጻፈና ተቀጣ› ሲሉኝ ጀግና እመስላለኋ። ‹ዋሸና ቀረበት› ከሚሉኝ እሱ ይሻላል ብዬ ነው። ክፉ ነገር የማደርግ አልመሰለኝም ነበር።»

«ቢጽፉትስ ኖሮ፣ ያነሱዎት ነበር?»

«እኔ እንጃ፤ አልዋሽሽም። ያ ፎቅ ላይ ያለው ጸሐፊ ከካርቶኑ እያነሳ የሚያነበው ለጽድቅ አይመስለኝም።» አጠገቡ ካለችው ትንሽ ጠረጴዛ መሳቢያ ምንም ያልተጻፈበት ቅጽ አውጥቶ ሰጣት። «በካርቶኑ ማለፍ ግን ግዴታ አይደለም። የመድን ድርጅቱ አድራሻ ከመጽሔቱ ጀርባ አለ። በአደራ ደብዳቤ፣ አሽጎ፣ አስፈርሞ መላክ ይቻላል። ይህን ለእናትሽ ማስተማር ለዓሣ ዋና ማስተማር ነው።»

«ስለ እናቴ አላወራሁም» አለች ቴምብር ፈጥና።

«እኔም ምንም አልሰማሁም» አለ ሚዛን።

አውቶቡስ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የተሞላውን ቅጽ በላዩ ዘረጋች። ‹የለም› የሚለው ቃል በራሷ የእጅ ጽሕፈት ተጽፏል። አንድ ጭረት ብታሰምርበትና ከጎኑ ‹አለ› ብትል፣ ማን ያውቃል? ፊርማው እንደሆነ ተፈርሟል። ቀጣዩ ፌርማታ ላይ ወርዳ ብትልከው፣ እናቷ የምታውቀው ምናልባት ሐኪም ፊት ስትቀርብ ነው፤ ያኔ ደግሞ ታመሰግናታለች። ወይም አታመሰግናትም።

የብዕሩን ክዳን ከፈተች። እናቷ በሥራ ዘመኗ ሁሉ ስንቱ ክፍት ፖስትካርድ በእጇ አልፏል፤ አንድም ቀን ገልብጣ አንብባ አታውቅም። «አድራሻው የኔ ነው፣ ነገሩ የነሱ ነው» ትላለች። አውቶቡሱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲነጥር ብዕሩ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጥብ ጣለ። ቴምብር ነጥቡን ትንሽ አየችው፤ ከዚያ ክዳኑን መልሳ ገጠመችና ሁለቱንም ቅጾች ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

እናቷ ስትመጣ ገና አልመሸም ነበር። ጫማዋን ሳታወልቅ «አስገባሽው?» አለች።

«አላስገባሁትም።»

«ለምን? ተዘግቶ ነው?»

«ክፍት ነው። ካርቶኑም ክፍት ነው። ሰውዬው እያነበበ ስም ይጽፋል።»

«አላልኩሽም?» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ውስጥ ትንሽ ደስታ የመሰለ ነገር ነበር። «‹የለም› የሚለውን ቢያነብ ምን ቸገረኝ? ነገ ራሴ እሰጠዋለሁ።»

«ጋሼ ሚዛንም ‹የለም› ነበር የጻፈው።»

እናቷ ቀና አለች። «ማን አለሽ?»

«ራሱ። ‹የለም› ስላለ ነው መድኑ ያላሳከመው።»

«ስለ እኔ ምን ነገርሽው?» አሁን ድምፅዋ ተለውጧል። «እኔ ወረቀት አድርሺ አልኩሽ እንጂ ገመናዬን በየበሩ አውሪ አልኩሽ?»

«ምንም አልነገርኩትም። ምን እነግረዋለሁ? አንቺ ለእኔስ ምን ነግረሽኝ?»

እናቷ ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«ከመስመሩ ያወጡኛል» አለች በመጨረሻ። «ከዚያስ? በሩ ላይ ያለው ወንበር አንድ ነው፤ እሱንም ሚዛን ተቀምጦበታል።»

ቴምብር አያወጡሽም ልትላት ፈለገች፤ ግን አታውቅም። በሩ ላይ የተቀመጠው ሰውም አያውቅም። ባዶውን ቅጽ፣ መጽሔቱንና ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«በአደራ ደብዳቤ በቀጥታ መላክ ይቻላል፤ ቢሮው አያየውም» አለች። «እኔ ግን ‹የለም› ብዬ ሁለተኛ አልጽፍም፣ እማ። ‹አለ› ብዬም ከኋላሽ አልጽፍም። አውቶቡስ ውስጥ ልጽፈው ነበር፤ ተውኩት። አንቺው ጻፊው። የፈለግሽውን ጻፊ።»

እናቷ ልጅቷን እንደማታውቃት ሰው ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ብዕሩን አነሳች።

ስሟን ለመጻፍ ብቻ ረጅም ጊዜ ወሰደባት። ሦስተኛው መስመር ላይ ብዕሩ ከጣቶቿ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቴምብር ልታነሳ ጎንበስ ማለት ጀመረች፤ ተመልሳ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። እናቷ ራሷ አነሳችው፤ እጇን አፍታታች፤ ቀጠለች። ሁለተኛው አማራጭ ላይ ምልክት አደረገች። ሰባት ላይ ስትደርስ ቆመች፤ በግራ እጇ የቀኟን አንጓ ደግፋ «አለ» ብላ ጻፈች። ከጎኑ «ካለፈው ወር ጀምሮ» ማለት ጀመረች።

«ፀጉሬን መሥራት የተውሽው ትምህርት ሳይከፈት ነው» አለች ቴምብር በቀስታ። «‹ትልቅ ሰው ሆነሻል፣ ራስሽ ሥሪው› አልሽኝ።»

እናቷ ቀና አላለችም። «ከያኔ ጀምሮ ታውቂ ነበር?»

«ያኔ ስለተቆጣሽኝ መስሎኝ ነበር።»

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ብዙ ቆየ። ከዚያ እናቷ የጻፈችውን ሰርዛ፣ ከላዩ ላይ እውነተኛውን ወር፣ ፊደል በፊደል፣ ጻፈች። ፈረመች፤ ፊርማው አሁንም ተንጋደደ። ቅጹን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገችው።

«አንብቢልኝ» አለች። «ያጠፋሁት ካለ ሳላሽገው ልወቅ።»

ቴምብር ቅጹን አንስታ ከአንድ ቁጥር ጀመረች። የጎረቤት ሰዎች በመስኮቱ ሥር እያወሩ ያልፋሉ። ሰባት ላይ ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም።