ከወለሉ የተነሡት መጻሕፍት

የዕብራይስጥና የአይሁድ ታሪክ ፕሮፌሰሩ በትምህርት ክፍሉ የመጻሕፍት ክፍል ወለል ላይ ተዘርረው ተገኙ። መሰላሉ አጠገባቸው ወድቋል፤ መዝገበ ቃላትና የታሪክ ጥራዞች ዙሪያቸውን ተበትነዋል። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው መመታቱን፣ ነፍሳቸው ግን ወዲያው እንዳልወጣች ተናገረ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም እንጂ፣ ሰው ቢደርስላቸው ይተርፉ ነበር። የሚያንገበግበውም ይኸው ነው።

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ዓይኗን ከጠረጴዛው አልነቀለችም። ሦስት መጻሕፍት በወጉ ተደርድረዋል፤ ጥጋቸው ግን ተጨፍልቋል።

የክፍሉ ቁልፍ ያለው በዲኑ፣ በሟቹ ሚስትና በመጨረሻዋ የዶክትሬት ተማሪ እጅ ብቻ ነው።

«ትምህርት ክፍሉን የሚዘጉት እርስዎ ነዎት?» ስትል ዲኑን ጠየቀች።

«ቦርዱ ነው። አንድ ተማሪ ይዘን እስከ መቼ? እሳቸውም ተስማምተው ነበር።»

«ከእነዚህ ውስጥ ኦሪቱ የቱ ነው?» አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ሦስት የዕብራይስጥ መጻሕፍት እያሳየቻቸው።

ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አጠለቁ። «ለእኔ ሁሉም ያው ጭረት ነው።»

ሚስትየዋም መለየት አልቻሉም። «እሱ የተጋባው ከነዚህ ጋር ነው፤ እኔ ጎረቤት ነበርኩ» አሉ፣ እያለቀሱም እየሳቁም።

«መጽሐፍ ከእጃችሁ ቢወድቅስ ምን ታደርጋላችሁ?» መርፌ ወደ ተማሪዋ ዞረች።

«ቅዱስ መጽሐፍ ከሆነ አንሥተን እንስመዋለን። የአይሁድ ልማድ ነው፤ ፕሮፌሰር ገና በመጀመሪያው ትምህርት...» ተማሪዋ ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ንግግሯን አቋረጠች።

መርፌ ሦስቱንም ሰዎች መጻሕፍት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ዕብራይስጥ ለሚያውቅ ሰው አስነብቤያለሁ፤ ኦሪት፣ መዝሙረ ዳዊትና የጸሎት መጽሐፍ ናቸው። ጥጋቸው የተጨፈለቀው ከሟቹ ጋር ስለ ወደቁ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ቅዱሱን ለይቶ አነሣ፣ መዝገበ ቃላቱን ተወ። እናንተ ሁለታችሁ መለየት አትችሉም። ማን ቀረ?»

ተማሪዋ ለመካድ አልሞከረችም። «መሰላሉ ላይ ሆነው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ ‹እንዲዘጋ ፈርሜያለሁ› አሉኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን! ይውረዱና ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ ብዬ መሰላሉን ነቀነቅሁት። እንዲወድቁ ብዬ አልነበረም።»

«ልጄ፣ ነፍስ ነበረው?» አሉ ሚስትየዋ።

«ያቃስቱ ነበር፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምነው ሰው ብትጠሪ?»

«መጽሐፍ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ አስተምረውኛል። መጻሕፍቱን አነሣኋቸው፣ ሳምኳቸው። ወደ እሳቸው ስዞር እጄ እምቢ አለኝ። ፈርቼ ሮጥኩ።»

ሚስትየዋ ጎንበስ ብለው ወለሉ ላይ የቀሩትን መጻሕፍት፣ የትኛው ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ አንድ በአንድ ማንሣት ጀመሩ፤ ተዉ ሊላቸው የደፈረ አልነበረም።