አርብ ገበያ የሰማው የየትናየት ድምፅ

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። የተጠራጠረ ይምጣ፤ ቤተ ልሔም ድረስ በእግሬ ሄጄ እምልለታለሁ።

የትናየት የወረዳው ኮሙኒኬሽን ባለሙያ ናት። የወረዳው ቴሌግራም ገጽ እንደተከፈተ የከብት ክትባት ቀን ለጠፈች፤ አራት ሺህ ሰው አየላት። በቀኑ የመጡት ግን አሥራ አንድ ላሞች ብቻ ናቸው። ያየው ሁሉ የባሕር ዳርና የአዲስ አበባ ሰው ነበራ! ላም ከየት ያምጣ?

ስለዚህ ደምሌን ፈልጋ አገኘችው። ደምሌ ቴሌግራም እስኪመጣ ድረስ ድምፅ ማጉያ ይዞ ገበያ ለገበያ የሚለፍፍ ጎልማሳ ነበር።

«መልእክቱን በድምፄ ቀድቼ እልክልሃለሁ። አንተ ስልኩን ከማጉያው አስጠግተህ ታሰማለህ፤ ሰው የሚጠይቀውን ደግሞ ቀድተህ ትልክልኛለህ» አለችው።

«መላሹ ማን ነው?»

«እኔ ነኛ!»

«እኔም ብጠይቅስ?»

ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ ፈገግ አለች።

እንዲህ ሲባባሉ ሁለት ዓመት ሆነ። ገበሬው «ለበግም ነው ወይስ ለላም ብቻ?» ይላል፤ እሷ ትመልሳለች፤ የክትባቱ መስክ በከብት ይሞላል። ደምሌ ግን የራሱን ጥያቄ አልቀዳም። አባቷ አቶ ወልደማርያም «ልጄን ለለፋፊ አልሰጥም» እንደሚሉ ሰምቷል።

ባለፈው ሁዳዴ አንድ አርብ ድምፅ ተላከለት። እንደ ልማዱ ቀድሞ ሳያዳምጥ ማጉያው ላይ ደቀነው።

«ክትባቱ ማክሰኞ ነው። ከብቶቻችሁን በጠዋት አምጡ።» ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «ከዚህ በኋላ ያለውን እንዳታሰማ፣ ላንተ ነው። ደምሌ፣ እስከ ፋሲካ ሽማግሌ ካልላክህ አባባ ለሌላ ሰው ቃል ሊሰጡ ነው። እኔ የምፈልገው አንተን ነው።»

ገበያው ሁሉ ወደ ማጉያው ዞረ። ደምሌ ሊያጠፋው ሲጣደፍ ጭራሽ ከመጀመሪያው ደገመው!

አቶ ወልደማርያም ከገብስ ተራ መጥተው ማጉያውን ነጠቁት።

«አንተ! ሁለት ዓመት የሰው ጥያቄ ስታመላልስ የራስህ ጠፋህ?»

«እርስዎን ፈርቼ ነው፣ ጋሼ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ አገሩ ሰማ።»

«እንግዲያው ሽማግሌ ላክ። በስልክ እንዳይሆን፣ በእግራቸው ይምጡ!» ብለው ከት ብለው ሳቁ።

ፋሲካ እንዳለፈ ተጋቡ።

አንዲት ነገር ግን ፈጥሬያለሁ። አባትየው አልሳቁም። ማጉያውን መለሱለት። ወደ ገብሳቸው ተመልሰው ተቀመጡ፤ የልጃቸው ድምፅ ከጆሯቸው አልወጣ ብሎ፣ ገዢ ሦስት ጊዜ ቢጠራቸው አልሰሙም።