የተተፋው መጠጥ

ፍቅሩ በእንጨት በርሜሉ ሥር በጎኑ ወድቋል። በአፉ ዳር ያለው አረፋ ደርቋል። ኢንስፔክተር በዛወርቅ ተጠርታ ስትደርስ ሳጅን ደጉ የሟቹን ሚስት ትሕትናን በካቴና አስሮ አስቀምጧት ነበር።

«የቀዳችለት እሷ ናት» አለ ሳጅኑ። «አጎቱም መስክረዋል። ልውሰዳት?»

«ቆይ እስቲ።»

ትሕትና ቀና አላለችም። የታሰሩ እጆቿን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ታያቸው ነበር።

ፍቅሩ አሥራ አንድ ዓመት ቤልጅግ ኖሮ በ1995 ነበር ወደ ቦንጋ የተመለሰው። ይዞት የመጣው ሙያ ለአገሩ ሰው ግራ ነበር፤ የገብስ መጠጥ ያለ እርሾ፣ በጫካው አየር ብቻ እንዲፈላ ይተወዋል፤ የዱር እንጆሪና የሻይ ቅጠል ጨምሮ በበርሜል ዓመት ከመንፈቅ ያቆየዋል። በርሜሉ የተከፈተው ዛሬ ጠዋት ነው። ከባልና ሚስቱ ሌላ የሻይ ቅጠሉን ያመጣለት የግብርና ባለሙያ ኤርምያስና ፍቅሩን ያሳደጉት አጎቱ ጋሽ ኃይለመስቀል ተገኝተዋል።

በዛወርቅ ኤርምያስን ወደ ደጅ አወጣችው።

«እንዴት ነበር የቀመሳችሁት?»

«በአንድ ብርጭቆ፤ ከውጭ ይዞት በመጣው። ትሕትና እንደ ወጉ በመዳፏ ቀምሳ ቀዳች። መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ ጋሽ።»

«ጣዕሙስ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ሆምጣጤ ነው! እሱ ራሱ እኮ አልዋጠውም። አፉ ውስጥ አንሸራሽሮ ጣሳ ላይ ተፋው። ‹አንተ የምትተፋውን እኛ የምንጠጣው ምን በድለን ነው?› ብዬ ሳቅሁበት። ቀማሽ እንዲህ ነው አለኝ።»

«ምግብስ?»

«ጋሽ ክትፎ በቆጮ አምጥተው ሁላችንም በላን። እሱ ግን ምላሴ ይበላሻል ብሎ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

በዛወርቅ ተመልሳ አስከሬኑ ላይ ጎንበስ አለች። ጢሙ ላይ ቅቤ ያብለጨልጫል።

«ጋሽ፣ ነፍስ ይማር» አለች ለአጎትየው።

«አሜን ልጄ። እዚያ የበሰበሰ ነገር ላይ ምን እንደጨመረችበት እንጃ።»

«ሲውጠው አይተዋል?»

«በዓይኔ! ጭልጥ አድርጎ ነው የጠጣው።»

ከትሕትና አጠገብ ተቀመጠች። «ባልሽ ከአጎቱ ጋር እንዴት ነበር?»

«ማንኪራ ቀበሌ ያለውን የአባቱን የጫካ ቡና መልሱልኝ ብሏቸው ነበር። ለጥምቀት ትረከባለህ አሉት።» ድምጿ ከፍም ዝቅም አላለም።

በዛወርቅ ሁሉንም በበርሜሉ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ቀጂዋ ቀድማ ቀምሳለች። በዚያው ብርጭቆ ሦስት ሰው ጠጥቷል። ሁለቱ ዋጡ፤ ደህና ናቸው። የሞተው የተፋው ነው። ስለዚህ መርዙ ከበርሜሉም ከብርጭቆውም አይደለም። ጢሙ ላይ ግን ቅቤ አለ። ኤርምያስ፣ ዛሬ ማን አጎረሰው?»

«ጋሽ ናቸው። በርሜሉ ሳይከፈት መርቀው አንድ ጊዜ…»

«እህል አልቀመሰም አላልከኝም?»

«ጉርሻ ምን መብላት ነው? ክብር ነው እንጂ! የትሕትናን መለሰ፣ የኔንም መለሰ። የአሳዳጊውን እንዴት ይመልሳል?»

«አይመልስም። አይተፋምም። ጋሽ፣ መጠጡ ገደለው እንዲባል ፈለጉ፤ ቀማሽ እንደሚተፋ ግን አላወቁም። ሲተፋ እያዩ ዋጠ አሉኝ። ደጉ፣ የኮታቸውን ኪስ ፈትሽ።»

ሳጅኑ በትንሹ የተጠቀለለ የኮባ ቅጠል አወጣ። ውስጡ ቅቤ ለብሷል።

«ሁላችሁም የበላችሁት ከትሪው ነው» አለች በዛወርቅ። «ይህ ለብቻው መጣ። ጋሽ፣ ቅቤ ብቻ ከሆነ ይላሱት።»

አጎትየው ቅጠሉን ለረጅም ጊዜ አዩት። እጃቸውን አልዘረጉም።

«ቡናውን አሥራ አንድ ዓመት ያረምኩት፣ የለቀምኩት እኔ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «እሱ ዛፎቹን እንኳ አይለያቸውም።»

ደጉ ካቴናውን ከትሕትና ፈትቶ ለእሳቸው አጠለቀ። ትሕትና ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ከአጥሩ ውጭ የሴቶች ለቅሶ እየቀረበ ነበር።

«ኢንስፔክተር።»

«አቤት።»

«እንባ እምቢ አለኝ። ገዳይዋ እሷ ናት፣ ይኸው አታለቅስም ይሉኛል።»

«አንቺ ተቀመጪ። እኔ እነግራቸዋለሁ።»

በዛወርቅ ኮፍያዋን አውልቃ ለቀስተኞቹን በሩ ላይ ልትቀበል ወጣች።