በባሏ ቁመት የተለካ ክር

የመጣው ሰው ሸማኔ አልነበረም።

ዮዮው ግን የሸማኔ ነበር። እንግዳው ቀይ ጠርዙ የተላጠውን መጫወቻ ከኪሱ አውጥቶ የይለፍ ቃሉን አንዲት ፊደል ሳያጓድል ተናገረ።

«ወርዶ ይተኛል፤ አልመለስ ብሏል።»

ባለሱቋን ሰፈሩ የሚያውቃት በአሻንጉሊት ጠጋኝነቷ ብቻ ነው። «ቀንድ አውጣ» የሚለውን የምሥጢር ስሟን የሚያውቁት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። «ወፍራም ዘይት ቢቀምስ ይነቃል» ብላ ልትመልስ አፏን ስትከፍት፣ ሰውየው የክሩን ቀለበት በጣቱ አጥልቆ ዮዮውን ለቀቀው።

ወለሉ ዘንድ መድረስ ሲገባው ቅልጥሙ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ።

የዮዮ ክር ከመሬት እስከ ባለቤቱ እምብርት ተለክቶ ይቆረጣል። ይህን ክር የለካችው እሷ ናት፤ በምሥጢር ስሙ ሸማኔ በሚባለው አጭር ባሏ ቁመት።

መልእክተኛ ልኮ ቢሆን ክሩ በመልእክተኛው ቁመት በተለካ ነበር። ሸማኔ ተይዟል።

«ሳይከፈት አይታወቅም። ይቀመጡ ጌታዬ» አለች።

በመስኮቱ ማዶ ቁልፍ ሠሪው ተቀምጧል። አደጋ ሲመጣ ጃንጥላውን እንዲያጥፍ፣ ሲመሽም የሱቁን ቆሻሻ ወስዶ ለተቀባዩ እንዲያደርስ በምሥጢር ጓዶቿ የተመደበ ጠባቂዋ ነው። ጃንጥላው እንደተዘረጋ ነበር። እሱም ከእንግዳው ሾፌር ጋር ሲጋራ እየተለኳኮሰ ይሥቃል።

እረኛው ከጅቡ ጋር ተማምሏል፤ የይለፍ ቃሉን የሸጠውም እሱ ነው።

ቁልፍ ሠሪው ግን ከቆሻሻው መካከል የሚፈለገው ምን እንደሆነ አልተነገረውም። የሚፈለገው ከዮዮው ተፈትቶ የሚጣለው አሮጌ ክር ነበር። ከጥጡ ጋር እንደ ፀጉር የቀጠነ ፊልም ተገምዶበታል፤ ስደተኛ ቤተሰቦች ከተሸሸጉባቸው ሦስት መጠለያዎች በማግስቱ የሚከበበው የትኛው እንደሆነ ይናገራል።

ክሩን አውልቃ የዮዮውን ሁለት ገጾች ፈታች። የሚያሽከረክረውን ኩሽኔታ ከዘንጉ አውጥታ ቤንዚን ውስጥ ነከረችው። የሰውየው ዓይን ከኩሽኔታው ጋር አብሮ ሰጠመ።

«ይህን የሰጠኝን ሰው ያውቁታል?»

«እኔ የማውቀው ዮዮ ነው። ሰው አልጠግንም።»

«ደኅና ነው። ከደረጃ ወድቆ ትንሽ ተጎድቷል እንጂ።»

የተዘናፈለ ፀጉሯን ወደ ኋላ ሰብስባ በአሮጌው ክር አሰረችው።

«ዘይት ውስጥ እየገባ አስቸገረኝ» አለች።

ሰውየው ቀና ብሎም አላያት። ትዕቢተኛ ሰው ክቡር ነገር በተናቀ ዕቃ ውስጥ ያድራል ብሎ አያስብም።

ኩሽኔታውን አድርቃ አንዲት ጠብታ ዘይት አቀመሰችው። «ይቁሙልኝ» አለችና አዲስ ክር ከእግሩ ሥር እስከ እምብርቱ ዘረጋች።

የባሏን አሳሪ ለካችው።

ክሩን ቆርጣ ቀለበቱን ቋጠረች፤ ዮዮውን ገጥማ ሰጠችው። ወረደ፤ ተኛ፤ ሲስበው ተመለሰ። ሰውየው እንደ ሕፃን ፈገግ አለ። ከዚያም መዶሻዋን አንሥቶ አደቀቀው።

ምንም የለም።

«ና!» ብሎ ቁልፍ ሠሪውን ጠራ። መሳቢያዎቹ ተገለበጡ። የቆሻሻው ቅርጫት ወለሉ ላይ ተደፋ።

«እታለም፣ አይክፋሽ እንግዲህ፤ ሥራ ነው» አለ ቁልፍ ሠሪው፣ ዓይኗን ላለማየት እያጎነበሰ።

«መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ነው» አለችው።

እንግዳው ቀረባት። አክብሮቱን ከመዶሻው ጋር ጥሎታል።

«ስለ አንቺ ብንጠይቀው አንድ ቃል አልወጣውም። ወንድ እንዲህ አፉን የሚገጥመው ለሚስቱ ነው። መልእክቱ የት እንዳለ ንገሪኝ፤ ባልሽ ዛሬውኑ ቤቱ ይገባል።»

መንገድ ላይ አንድ መኪና ጡሩንባ ነፋ። ሸማኔ ጠዋት የተወው ሹራብ ጓዳ ውስጥ እንደተሰቀለ ነበር።

«ባል የለኝም ጌታዬ። ስብርባሪውን ይዘውልኝ ይሂዱ።»

ሄደ። ያልያዛት ግን አዝኖላት አይደለም፤ ወደ ማን እንደምትሄድ ለማየት ወጥመዱን ከደጅ ዘርግቶ ነው። ሱቋን ቆልፋ ስትወጣ ሾፌሩ ራቅ ብሎ ተከተላት።

ወደ ሴቶች ፀጉር ቤት ገባች። ሾፌሩ ከደጃፉ ቆመ።

ፀጉር ሠሪዋ የምሥጢር ጓዷ፣ የመጨረሻ መሸሸጊያዋም ነበረች። ክሩን ዳብሳ ወዲያው ለየችው።

«የኔ እመቤት፣ አህያ ነው እንዴ የታሰረው?» ብላ ሌሎቹን ደንበኞች አሳቀች። ሣቁ ሳይበርድ ክሩ ሽርጧ ኪስ ገባ። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለች።

«ሸማኔስ?»

«አጭር አድርገሽ ቁረጪልኝ።»

ፀጉር ሠሪዋ መቀሱን አነሣች።

በጓሮ በር የወጣችው ሴት አንገቷ ራቁቱን ነበር፤ ካፖርቷም የሌላ ሰው ነው። ሾፌሩ እስኪመሽ የፊት ለፊቱን በር ጠበቀ።

በማግስቱ ወታደሮቹ መጠለያውን ሰብረው ሲገቡ ያገኙት ገመድ ላይ የተሰጣ እርጥብ ልብስ ብቻ ነው። ከሕፃን እስከ አዛውንት ሁሉም ወጥተዋል። ሸማኔ ግን ከእስር አልወጣም። ከሳምንታት በኋላ አስከሬኑ እንኳ እንደማይሰጥ ተሰማ።

ዛሬ በሌላ ከተማ፣ በአንድ ጠባብ መንገድ፣ የልብስ ቁልፍና መርፌ የምትሸጥ ሴት አለች። ሐዘኗን በልብሷ አላወጣችም፤ ቢጫ ቀሚስ ገዝታ ለበሰች። ጥቁር የለበሰችን ሴት «ማን ሞተብሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ደግ ሰው አይጠፋምና።